ከአርባ ዘጠኙ አንዱ

ቅናተኛ ነኝ። ይኼን የምለው ልናዘዝ ፈልጌ አይደለም። ታሪኩን ስትሰሙ "ምን ነክቷት ነው?" እንዳትሉ አስቀድሜ ልንገራችሁ ብዬ ነው። የነካኝ ቅናት ነው።

ስሜ ዓለምነሽ ይባላል፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስቆጥር ኖሬያለሁ። አገር ቤት አስተማሪ ሳለሁ ለዘጠና ዘጠኙ የሕዝብ ቆጠራ ተመልምዬ፣ በየግቢው እየገባሁ ስንት ሰው እንዳደረ ስጠይቅ ከርሜያለሁ። ዲቪ ደርሶን ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ስንመጣም ኦቤትስ ካሉት መጋዘኖች አንዱ የቀጠረኝ ለቆጠራ ነው። ስካነሬን ይዤ ከመደርደሪያ መደርደሪያ እዞራለሁ። ኮምፒዩተሩ አርባ ካርቶን አለ ቢልና እኔ ሠላሳ ዘጠኝ ነው ብል፣ ሱፐርቫይዘሬ የሚያምነው እኔን ነው።

ቤተ ክርስቲያንም እንደዚያው ነበርኩ። ከሞርስ ሮድ ገባ ብሎ ባለው የአማርኛ ጉባኤያችን፣ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ከኋላው በር አጠገብ ቆሜ ሰው በገባ ቁጥር በእጄ የያዝኳትን መቁጠሪያ ጠቅ አደርጋለሁ። ዓመቱ ሲያልቅ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ተነሥቼ ቁጥሩን አነባለሁ። "የዓለምነሽ ቁጥር አይሳሳትም" ይባል ነበር። ሌላ ስጦታ የለኝም። ድምፄ ለመዝሙር አይሆንም፤ ጸሎቴ አጭር ነው፤ ወጤም ይበላል እንጂ አያስወራም። ያለችኝ ይቺው ነበረች።

ከዚያ ሩሃማ መጣች።

የመጣችው የዛሬ ሁለት ዓመት ከሲንሲናቲ ነው፣ እናቷን ይዛ። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም። ዳውንታውን አንድ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ የስታትስቲክስ ባለሙያ ናት። ያው መቁጠር ማለት ነው። እሷ ግን የምትቆጥረው ተቀምጣ ነው፤ ማስተርስ አላት፤ ሰንጠረዥዋም ባለቀለም ነው። ሰው ሲያመሰግናት ደግሞ አንገቷን ትደፋለች። ብትኩራራ እንኳ ትንሽ በቀለለኝ ነበር። ቤት የገዛችውም ኦቤትስ ነው፣ ከኛ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ። ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል!

አንድ ቅዳሜ ባሌ እሸቱ፣ ሌላ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና የሚነዳው፣ የውኃ ማሞቂያቸውን ሊያይላቸው ሄዶ ሁለት ሰዓት ቆየ። ልጠራው ስሄድ ሳቁ በረንዳው ድረስ ይሰማል። ከእናትየው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ስለ ልጅነቱ ያወራል። ሌላ ነገር እንዳትጠረጥሩ፤ እሱ ስድሳ ሊሞላው ነው፣ ልጅቷም ጨዋ ናት። ያንገበገበኝ ሳቁ ነው። እኛ ቤት እንደዚያ ሲስቅ ከሰማሁት ዓመታት አልፈዋል።

ባለፈው ዓመት ሽማግሌዎቹ ለጉባኤው አማካሪ መቅጠር አሰቡ። የሰው ችግር ምን እንደሆነ ይታወቅ ተባለና መጠይቅ ወጣ። ስም አይጻፍበትም፤ ሰፈር፣ ጾታና ዕድሜ ብቻ ነው የሚሞላው፤ ከዚያ ጥያቄዎቹ ይከተላሉ። አንደኛው "ቤትዎ ውስጥ የልብዎን የሚያዋዩት ሰው አለ?" ይላል። እኔ ሳላስብ "አለ" የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። እሸቱ አጠገቤ ተቀምጦ ወረቀቱን በግራ እጁ ሸፍኖ ይሞላል።

"ፈተና ነው እንዴ?" አልኩት እየሳቅሁ።

እሱ ወረቀቱን አራት ላይ አጥፎ ሣጥኑ ውስጥ ከተተ።

ቆጠራው የኔ ነው ብዬ ሣጥኑን ላነሣ ስል ሩሃማ ቀደመችኝ።

"እትዬ ዓለምነሽ፣ አመሰግናለሁ፤ እሱን እኔ ብቻ ነኝ የማየው" አለች። "ለሰዎቹ ፕሮሚስ አድርገናል።"

አስራ አንድ ዓመት የቆጠረች እጅ ሣጥን መሸከም ተከለከለች። እርር ድብን አልኩ።

በጠቅላላ ጉባኤው ቀን እኔ ተነሥቼ የዓመቱን ቁጥር በሁለት ደቂቃ አነበብኩ፤ ሁለት ሦስት ሰው "አሜን" አለና ተቀመጥኩ። ቀጥላ ሩሃማ ወጣች። ስክሪኑ ላይ ሰንጠረዥዋ በሰማያዊና በብርቱካን ፈክቶ ታየ። የልባቸውን የሚያዋዩት ሰው ቤታቸው ውስጥ የሌላቸው፦ በሰሜን ሃያ ሦስት፣ በምሥራቅ አስራ አራት፣ በምዕራብ አስራ አንድ። ደቡብ ላይ ስትደርስ ቁጥር የለም፤ አንዲት ኮከብ ምልክት ብቻ ተቀምጣለች። ደቡብ ማለት ኦቤትስና አካባቢው ነው፣ እኛ ማለት ነው።

እጄን አወጣሁ። "የኛ ሰፈር ቁጥር የት ገባ?"

ሰው ሳቀ። ሩሃማ አልሳቀችም።

"እትዬ፣ ከአስር በታች የሆነ ቁጥር አናወጣም። ሰፈሩ ትንሽ ሲሆን ቁጥሩ ራሱ ስም ይሆናል።"

"ታዲያ ሰው ካለ ለምን አይቆጠርም?"

"ተቆጥሯል። እንዲታይ አልተደረገም እንጂ።"

ሰው ሁሉ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ፤ ያን ያህል ምን የሚያስደንቅ ነገር እንዳለው አልገባኝም። እኔ ግን ያየሁትን አየሁ። ከሰንጠረዡ ግርጌ ድምር የለም። አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴት "ማስተርስ ይዛ ድምር ትረሳለች!" አልኳት። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ከሁለት እሑድ በኋላ ፓስተር ልዑልቃል ስለ ብቸኝነት ሰበከ። ፓስተራችን ልቡ ንጹሕ ነው፤ ስብከቱ ሲግል ግን የያዘውን ሁሉ ይበትናል። ለሽማግሌዎች ብቻ የተሰጠውን፣ ድምር ያለበትን ቅጂ አይቶ ኖሮ መድረኩን በመዳፉ እየመታ "አርባ ዘጠኝ!" አለ። "ወገኖቼ፣ አርባ ዘጠኝ ወንድሞችና እህቶች በገዛ ቤታቸው የልባቸውን የሚያዋዩት አጥተዋል!"

ጉባኤው "ጌታ ሆይ!" አለ። ሩሃማ ከፊቴ ሁለት ረድፍ አለፍ ብላ ተቀምጣ ነበር፤ ጀርባዋ ቀጥ ሲል አየሁ። እኔ እስክሪብቶዬን አውጥቻለሁ። ሃያ ሦስት፣ አስራ አራት፣ አስራ አንድ፤ አርባ ስምንት። ከአርባ ዘጠኝ አርባ ስምንት ሲቀነስ አንድ።

ድምሩ ተረስቶ አልነበረም ማለት ነው። እንዲህ እንዳይቀነስ ብላ ነው ያስቀረችው። ጨዋ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከት ነበር። እኔ ግን የምቆጥረው ነገር አግኝቼ የተውኩበት ቀን የለም። ጀርባው ላይ የደቡብ ሰዎችን ዘረዘርኩ፤ መጠይቁን የሞላነው ስምንት ነን። ራሴንና እሸቱን ወዲያው ሰረዝኩ፤ እኔ አለሁለት፣ እሱ አለልኝ። አንድርያስና ሚስቱ ሮሃ ከተጋቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም፤ በስብከት መካከል እንኳ ሲንሾካሾኩ ነው የሚውሉት፤ ተሰረዙ። ዳዊና ሲሞን አንድ አፓርታማ የሚኖሩ ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ ያለ አንዱ መኪና አይገዛም፤ ተሰረዙ። የሩሃማ እናት ካገኙት ሰው ሁሉ ጋር ያወራሉ፤ ተሰረዙ። አንድ ቀረ።

ቁጥሯን የደበቀችው ራሷን ልትደብቅ ነው! ሁሉን ነገር አሟልታ የያዘችው ልጅ፣ ባለ ማስተርሷ፣ ባለ ቤቷ፣ ቤቷ ውስጥ የሚያዋያት ሰው የላትም። አዘንኩላት ብል ውሸት ነው። ደስ አለኝ። ለሁለት ዓመት ያህል እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት የእህቶች ጸሎት አለን። የጸሎት ርዕስ ስናቀርብ ስም አንጠራም፤ "አንዲት እህት" እንላለን። "ባሏ ሥራ የፈታባት አንዲት እህት" ከተባለ የማን ባል ሥራ እንደፈታ የማያውቅ የለም፤ ግን ስም አልተጠራምና እንደ ሐሜት አይቆጠርም። በዚህ ልማድ ስንት ሰው እንደተጋለጠ ቆጥሬ አላውቅም። ያን ቀን ተራዬ ሲደርስ እጄን አጣምሬ ድምፄን አለሰለስኩ።

"በደቡብ በኩል የምትገኝ፣ ቤቷ ውስጥ የልቧን የምታዋየው ሰው ያጣች አንዲት እህት አለችን" አልኩ። "አንድ ናት። ጌታ እንዲጎበኛት።"

ክፍሉ ውስጥ አስራ አራት ሴቶች ነበርን። ከደቡብ የመጣነው እኔ፣ ሮሃ፣ ሩሃማና እናቷ ነን። ዓይን ሁሉ ወደ ሩሃማ ዞረ። ሩሃማ እኔን አየችኝ። አፏ ሊናገር ተከፍቶ ነበር፤ አንድ ነገር አሰበችና ዘጋችው። ሮሃ ተነሥታ ሄዳ አቀፈቻት። እናቷ የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ ያዙና "ለኔ የማትነግሪኝ ነገር አለ ማለት ነው ልጄ?" አሏት በቀስታ።

ሩሃማ የእናቷን እጅ ያዘች። "አሜን" ብቻ አለች። አለመካዷ ልክ መሆኔን አረጋገጠልኝ።

ቤት ስደርስ እሸቱ ኩሽና ቁጭ ብሎ ምሳውን ይበላል። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ጀመርኩ። ድምሩን፣ መቀነሱን፣ ስምንታችንን፣ አንድ በአንድ ነገርኩት። መጨረሻው ላይ ስደርስ "ያቺ ኮከብ የራሷ ናት!" አልኩ።

እሸቱ እጁን ከገበታው ሰበሰበ።

"አንድ ነው ያልሽው?"

"አንድ።"

"እና ሰው ሁሉ እሷ ናት ብሎ አሰበ?"

"ሌላ ማን ይሆናል?"

"ወረቀቱ ላይ ጾታና ዕድሜ ሞልተን የለ እንዴ? እሷ እኮ አይታዋለች። እኔ አይደለሁም አላለችም?"

"ምን ብላ ትካድ! አሜን ነው ያለችው።"

ተነሥቶ እጁን ታጠበ። በፎጣው ሲያደርቅ ቆየ፤ ጣት በጣት ነበር የሚያደርቀው።

"እኔ ነኝ ዓለም።"

"ምኑ?"

"አንዱ። እኔ ነኝ።"

እስቲ ምን ይባላል? እኔ ግን አላጣሁም። እንዴት እኔ እያለሁ አልኩ። ስንት ዓመት አንድ መሶብ ቀርበን አልኩ። ወረቀት ላይ ከምትጽፈው ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት አልኩ። ስለ ልጃችን ባሮክ፣ ስለ እህቶቹ፣ ስለ ዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት ጭቅጭቃችን ሁሉ ተናገርኩ። እሸቱ ቆሞ ሰማኝ። ትንፋሼ ሲያልቅ ያለኝ አንዲት ቃል ናት።

"አየሽ?"

ተቀመጥኩ። "ወረቀቱ ጠየቀኝ" አለ። "ሌላ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።" ጃኬቱን ለብሶ ወደ ሥራው ሄደ።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲባል ሰምቼ ለሌላ ሴት የተተረተ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ከሰዓት ሙሉ ከወንበሩ አልተነሣሁም። መጀመሪያ ያሰብኩት እሸቱን አልነበረም፤ ይኼን ስናገር አፍራለሁ። ያሰብኩት ሩሃማን ነው። ወንድ፣ ከሃምሳ አምስት በላይ፣ ደቡብ፤ ከስምንታችን እንዲህ የሚሞላ እሸቱ ብቻ ነው። ያን ወረቀት ካነበበች ወራት አልፈዋል። በየእሑዱ በር ላይ "እትዬ፣ ጋሼ እሸቱ ደኅና ናቸው?" ስትለኝ ታውቅ ነበር። የገዛ ቤቴን ከኔ ቀድማ አወቀችው። ቀናሁ። ያኔም ቀናሁ። ባሌ ለኔ ያልሰጠኝን ምስጢር ለሷ በወረቀት ሰጣት፤ እሷም ከኔ በተሻለ ያዘችው።

ቀስ እያለ ሌላውም ገባኝ። ቅዳሜ አፏን ከፍታ የዘጋችው ለዚህ ነው። "እኔ አይደለሁም፤ ወንድ ነው" ብትል ነፃ ትወጣ ነበር። የሴቱ ዓይን ሁሉ ደግሞ ወዲያው ወደኔ ይዞር ነበር። እናቷ እያለቀሱ፣ እናቷን ይዛ ዝም አለች።

ሳምንቱን እሸቱና እኔ "ቁልፉ የት ነው" እና "በልተሃል ወይ" ከመባባል በቀር አልተነጋገርንም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀደም ብዬ ሄጄ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቅኋት። ብቻዋን ነበር የመጣችው፤ እናቷ ቀርተዋል።

"ለምን አልተናገርሽም?" አልኳት።

"ምኑን እትዬ?"

"ያ አንዱ ሰው ማን እንደሆነ አውቄያለሁ። ራሱ ነግሮኛል።"

ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም። "እትዬ ዓለምነሽ፣ ስለማንም ሰው ወረቀት አላወራም። ሶሪ።"

"እኔ እኮ ሚስቱ ነኝ!"

"ቢሆንም።"

በጥፊ ልላት ከጀለኝ፣ እግሯም ላይ ልወድቅ ከጀለኝ። ሁለቱንም አላደረግሁም። ተከትያት ገባሁ።

የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ ሮሃ ቀደመች። "ባለፈው ለጸለይንላት እህት እንቀጥል" አለች፤ ዓይኗ ሩሃማ ላይ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እንዴት ልመልሰው? "እሷ አይደለችም" ብል "ታዲያ ማን ናት?" ይባላል፤ ከዚያ ሁሉም እኔ እንዳደረግሁት ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል። ሁለቱንም ሰው የሚያወጣ አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ዋጋው ደግሞ ያለችኝ ያቺው ነገር ናት።

ተነሣሁ።

"ባለፈው ያቀረብኩት የጸሎት ርዕስ ልክ አልነበረም" አልኩ። "ፓስተር የጠሩትን ቁጥር ይዤ በራሴ ደምሬ ቀንሼ ነው። ቆጠራዬ ስሕተት ነው። እንደዚያ የሚባል እህት የለችም። ሩሃማ ይቅር በይኝ፤ እናትሽንም ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

ከኋላ አንዷ "የዓለምነሽ ቁጥር ተሳሳተ?" ስትል ሰማሁ። ሌላዋ "ዕድሜም እኮ ነው" አለቻት። ቁጥሩ እኮ ልክ ነበር! አንድ ነበር! አፌን ያዝኩና ተቀመጥኩ። ሩሃማ ከወዲያ ማዶ አየችኝ። አንገቷን አልደፋችም፤ ቀጥ ብላ አየችኝና ዓይኗን ጨፍና ጸሎት ጀመረች።

መቁጠሪያዋን በማግሥቱ ለፓስተር ልዑልቃል አስረከብኩ። ማን እንደያዛት መገመት ትችላላችሁ። አሁንም በሩ አጠገብ ቆማ ሳያት ይቆረቁረኛል።

ይቅርታ በጠየቅሁበት ቅዳሜ ከጸሎቱ ሊወስደኝ የመጣው እሸቱ ነበር። ከሞርስ ሮድ እስከ ኦቤትስ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ነው፤ ሁልጊዜ የማወራው እኔ ነኝ፣ የሚነዳው እሱ። ሁለት መቶ ሰባ የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ሬዲዮውን ዘጋሁት።

"ለወረቀቱ የነገርከውን ለኔ ንገረኝ" አልኩት።

አንድ መውጫ አለፍን፤ ሁለት አለፍን። ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩት። ሦስተኛውን ስናልፍ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ፎርክሊፍቱን ከተውኩ አምስት ወር ሆነኝ" አለ። "ዓይኔ ነው። በግራ በኩል ያለውን አያይም፤ አንድ ጊዜ ሰው ልገጭ ነበር። አሁን በር ላይ ነው ያስቀመጡኝ፤ ትራክ ሲገባ ታርጋ እጽፋለሁ።"

አምስት ወር። በየቀኑ የሰው መጋዘን ውስጥ የሰው ካርቶን ስቆጥር። ምሳውን ሲበላ በግራው በኩል ያስቀመጥኩለትን ውኃ "ለምን ትገለብጣለህ?" እያልኩ ስቆጣው። ወዲያው የምለው ስድስት ነገር መጣልኝ፤ ሐኪም፣ ኢንሹራንስ፣ መንዳቱ፣ ለምን አልነገርከኝም። ዋጥኩት። እሱ ስለዚያች በር፣ ስለ ብርዱ፣ አብረውት የሚሠሩት ልጆች በምን ስም እንደሚጠሩት እያወራ ቀጠለ፤ አንድ ቦታ ላይ ራሱ ሳቀ።

የኛ መውጫ ምልክት ደረሰ። ዓይኑ አላየው ይሁን በወሬው ተወስዶ አላውቅም፣ አለፈው። አየሁ፤ ግን አልነገርኩትም።